የጥር ሠርግ ጥቅምት ላይ ይጀመራል

ድግስ ያለበት ቤት ሁሉም ሲሯሯጥ ይውልና ማታ «ዛሬ ምን አለቀ?» ቢባል መልስ ይጠፋል። ምክንያቱ የሥራው ብዛት ብቻ አይመስለኝም፤ በጅምላ ስለሚያዝ ነው። «በርበሬው»፣ «ጠላው»፣ «ወጡ» እየተባለ ይወራል እንጂ ዛሬ ከሰዓት ማን ምን እንደሚይዝ የሚያውቅ የለም። ሠርጉ ጥር 20 ነው እንበልና ሥራውን እንበትነው።

1. ከሠርጉ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ደብተር ያዙና ሥራ የማይሠራባቸውን ቀኖች አስቀድማችሁ ሰርዙ፦ ገናን፣ ከተራን (ጥር 10)፣ ጥምቀትን (11)፣ ቃና ዘገሊላን (12)። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 እንደሚገባም ምልክት አድርጉ፤ ቅቤው ቢነጠር የሚሻለው ከዚያ በፊት ነው። በጾም ማንጠር አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ግን ቀምሶ «ኮረሪማው አንሷል» የሚል ሰው አይገኝም።

2. ሥራዎቹን በሚጠብቁት ነገር ለዩ። በርበሬ ፀሐይ ይጠብቃል። ጠላ ቀናት ይጠብቃል። እንጀራም እርሾ ይጠብቃል፣ ቢበዛ ሦስት ቀን። ዶሮ ወጥ የሚጠብቀው እጅ ብቻ ነው፣ ያውም ብዙ እጅ። ብዙ የሚያስጠብቀው ቀድሞ ይጀመራል፤ ዶሮው የቱንም ያህል የሚወራለት ቢሆን መጨረሻ ይመጣል።

3. እያንዳንዱን በአንድ መስመር እስኪጻፍ ቁረጡት። ማን፣ መቼ፣ በምን ዕቃ እንደሚሠራው በአንድ መስመር ካልተጻፈ ሥራው ገና ትልቅ ነው። «በርበሬ ማዘጋጀት» አይጻፍም። «ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዛላውን መቀንጠስ፣ ሦስት ሰው፣ ሁለት ሰፌድ» ግን ይጻፋል። ቀጥሎ አጥቦ ማስጣት፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር መደለዝ፤ ድልዙን ሸፍኖ ማሳደር፤ እንደገና ማስጣት፤ ኮረሪማውንና አዝሙዱን ማመስ፤ ወፍጮ ቤት ማድረስ። ሰባት መስመር ሆነ። ክረምቱ ስለወጣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ መቀንጠስ ይቻላል። ከየማስጣቱ በኋላ አንድ ባዶ መስመር ተዉ፤ ደመና ቢመጣ የሚበላው እሱን ነው።

4. ጠላውን ከበዓላቱ ጋር አስማሙ። ደጋሽ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ብቅሉን ለብቻው ያዙት፦ ገብሱን መንከር፣ በኮባ ቅጠል ሸፍኖ ማብቀል፣ አድርቆ ማስፈጨት። በደንብ የደረቀ ብቅል ስለሚቆይ ኅዳር ውስጥ ተገላገሉት። ጌሾውም ቀድሞ ደርቆ ይወቀጣል። ጥንስሱ ግን ቀን አለው። ጥር 20 ለሚጠጣ ጠላ ጋኑ በወይራ ጢስ ይታጠንና ጥር 5 ይጠነሰሳል። ጥር 9 እንኩሮው ታምሶ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። በማግስቱ ከተራ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ማንም እጁን ዱቄት ውስጥ አያስገባም፣ ድፍድፉ ግን በዓል አያውቅምና መብሰሉን ይቀጥላል። ጥር 15 ውሃ ይጨመርበትና ይከደናል። ቀኖቹ በየአገሩና በየቤቱ ይለያያሉ፤ የእናንተን ጠላ የምትጠምቀውን ባለሙያ ጠይቃችሁ አስተካክሉ። ጋን አጣኙ፣ ውሃ ቀጂውና እንኩሮ የምታምሰው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ሁሉንም በአንዲት እትዬ ላይ መጫን ልማዳችን ነው፤ እሷን ጉንፋን የያዛት ዕለት ድግሱም አብሮ ይተኛል።

5. አጭሩን ሥራ አትናቁ። ከዕድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ማስያዝ የአንድ ቀጠሮ ጉዳይ ነው። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ግን ኅዳር ላይ ያልጠየቀ ሌላ ደጋሽ ይቀድመዋል።

6. የመጨረሻውን ሳምንት በቁጥር ከፋፍሉ። ሊጡ ጥር 16 ይቦካል፣ ሽንኩርቱ 18 ይከተፋል፣ ዶሮው 19 ይገነጠላል። አንድ ዶሮ 12 ብልት ከሆነ 30 ዶሮ ማለት 360 ብልት አገላብጦ ማጠብ ነው። ለአንድ ሰው ያስፈራል፤ ለአራት ሰው ግን ለእያንዳንዱ 90 ይደርሳል፣ በጨዋታ መሃል ያልቃል። እያንዳንዷ የራሷ ጎድጓዳ ሳህንና ሎሚ ይኑራት፤ ዕቃ መዋዋስ ነው ሥራውን የሚጎትተው።

7. ማታ ማታ ያለቀውን ሰርዙ፣ የነገውን ብቻ አንብቡ። ሙሉ ዝርዝሩን ለቤተሰቡ ሁሉ ማንበብ ከማስደንገጥ ሌላ ጥቅም የለውም። ለእያንዳንዱ የራሱን መስመር ንገሩት፤ ለታላላቆች ራሳችሁ ሄዳችሁ፣ ለወጣቶቹ በቴሌግራም።

8. ዕቃ የሚመልሰውንም ጻፉ። ይህን መስመር የሚረሳው ብዙ ነው። ጥር 21 አስተርዮ ማርያም ስለሆነች 22 ላይ አድርጉት፦ ድስቱን ማጠብ፣ ብርጭቆውን መቁጠር፣ የጎደለውን መመዝገብ፣ ለዕድሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ማስረከብ። ከጎኑ የሁለት ወጣቶች ስም ይስፈር፤ ስማቸውንም ከሠርጉ በፊት ይስሙት።