የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በጾም ምን ይብላ?

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና እንቁላሉ ከየቤታችን ለ55 ቀን ይሰናበታል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም «እንግዲህ የጾም ምግብ ነው፣ አይጎዳኝም» ብሎ ልቡን ያሳርፋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ቶሎ ከፍ የሚያደርገው ሥጋና ቅቤ ሳይሆን እንጀራው፣ ዳቦው፣ ፓስታው፣ ሩዙ፣ ድንቹና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። እነዚህ ሁሉ የጾም ናቸው። እንዲያውም በጾም ይበዛሉ። እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሆድ ሲከፈት ደግሞ አንዱ እንጀራ ሁለት፣ ሁለቱም ሦስት ይሆናል።

ታዲያ ምን ይበላል? እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእናቶቻችን የጾም ጓዳ ባዶ አይደለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ባቄላና ሽምብራ ፋይበርና ፕሮቲን ስላላቸው ስኳራቸው ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ችግሩ ወጡ ላይ ሳይሆን ከሥሩ የተነጠፈው እንጀራ ላይ ነው። የለመድነው እንጀራው ትሪውን ሞልቶ ወጡ መሐል ላይ ጠብ ሲል ነው። ይህን መገልበጥ ያስፈልጋል። የሳህኑ ግማሽ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ ይሁን፤ ሩቡ ምስር ወይም ሽሮ፤ የቀረው ሩብ እንጀራ። ድንች በእንጀራው ድርሻ ይቆጠራል እንጂ እንደ ጎመን አይታይም። ጎመኑንና ምስሩን አስቀድሞ በልቶ እንጀራውን ወደ ኋላ ማድረግም ይረዳል። ከአንድ ትሪ አብሮ ሲበላ ልክን ማወቅ ስለሚያስቸግር፣ ሕመምተኛው ድርሻውን ለብቻው ቢያወጣ ነውር የለውም። ጉርሻም ይቆጠራል!

«ጤፍ ስኳር የለውም» የሚባለውን አትመኑ። ጤፍ ከፉርኖ ዱቄት የሚሻለው ከነገለባው ስለሚፈጭ ነው፤ ግን እህል ነው፣ በዝቶ ከተበላ ስኳርን ይጨምራል።

ከስኳር ሕመም ጋር ደግሞ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ብግነት የሚሉት፣ ሳይታወቅ ውስጥ ውስጡን የደም ሥርን የሚጎዳ ነገር አብሮ ይገኛል። ቅቤው ቀረ ብለን ወጡን በሚረጋ ዘይት ካዋኘነው፣ መክሰሱንም ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ካደረግነው ምን ተረፈን? ተልባ ያለ ስኳር ተበጥብጦ ቢጠጣ ወይም ፍትፍት ቢሠራበት ለልብና ለደም ሥር የሚበጅ ቅባት አለው። ለመክሰስም ከዳቦ ይልቅ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ይሻላል።

ከማዕዱ የሚብስ ነገር ግን አለ። ብዙ ሰው ጾሙን ከሐኪሙ፣ ሕመሙን ከንስሐ አባቱ ይደብቃል። ሁለቱም ሳያውቁ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ወስዶ ሳይበላ ይውላል። ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስድ ሰው አደጋው አነስተኛ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚውጥ ሰው ግን ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ብዥ ይላል፣ ንግግሩ ይምታታል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልተስተካከለ መድገም፣ ከዚያም ምግብ መብላት ይገባል። መለኪያ ከሌለም ምልክቱ በቂ ነው። ቅዳሴው እስኪያልቅ አይጠበቅም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥ፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ስኳሩ እንዳይወርድበት ፈርቶ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ የሚተውም አለ። በተለይ ዓይነት 1 የሚባለው የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ቤተ ክርስቲያን እኮ ለሕመምተኛ የምትራራ እናት ናት። ፍትሐ ነገሥትም የታመመውን ከጤነኛው ለይቶ ያያል። ቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከጥሉላት እየተከለከለ የሚቆይበትን ሰዓት የንስሐ አባቱ ሊያሳጥሩለት ይችላሉ፤ ይህን የሚያደርጉት ግን ሲነገራቸው ነው። ለቅዱስ ቁርባን 18 ሰዓት ጾሞ ለመቅረብ የሚያስብም አስቀድሞ ሁለቱንም ያማክር። በስቅለት ዕለት የሚደረገው ስግደትም ባዶ ሆድ ላይ ሲሆን ስኳርን ያወርዳልና እንደዚሁ ነው።

ሜትፎርሚንን ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው በሥጋ፣ በወተትና በእንቁላል ስለሆነ ብዙ የሚጾም ሰው እግሩን ከደነዘዘው ለሐኪሙ ይንገር።

ትንሣኤ ሲደርስ ዶሮ ወጡ ለሕመምተኛውም አይከለከልም፤ ከሥሩ ያለው እንጀራ፣ ድፎ ዳቦው፣ ጠላውና ጠጁ ግን በልክ ይሁን። ለጾሙ ተብሎ የመድኃኒቱ መጠን ወይም ሰዓት ተለውጦ ከነበረ ወደ ቀድሞው እንዴት እንደሚመለስ ከሆሳዕና በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ነው፤ በበዓሉ ሰሞን ሐኪም ማግኘት ያስቸግራል።