ክብ ለምትሥል ልጄ

ልጄ፣ ረቂቅ ሥዕል በክብ ልትጀምር መነሣትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ክብ ግን በቀላሉ ይሣላል፤ በቀላሉም ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ይህን ያዝልኝ።

1. መጀመሪያ እንጦጦ ውጣ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ዙራት። ሕንፃዋ ስምንት ማዕዘን ነው፤ እግርህ ግን ክብ ይሠራል። በንግሥ ቀን ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ሲዞር ምእመኑም አብሮ ይዞራል። ክብ ከምልክትነቱ በፊት ጉዞ መሆኑን እዚያ ታየዋለህ።

2. መሀሉን አስቀድም። ክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብለው ይከፈላሉ፤ መሀል ያለው መቅደስ ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። ዙሪያው የሚጠብቀው ነገር አለው። ያንተም ክብ ምን እንደሚከብብ ሳታውቅ ብሩሽ አታንሣ። ባዶ ከሆነም ታስቦበት ይሁን።

3. በክንድህ ሣል። ሸራውን ወለል ላይ ዘርጋ፤ ብሩሹን ቀለም አጥግበህ ከትከሻህ ጀምረህ በአንድ ትንፋሽ አዙር። መነሻው ወፍራም ይሆናል፤ መድረሻው ደርቆ የሸራውን ክር ያሳያል። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ አትደልዘው፤ ክቡ እንዴት እንደተሠራ የሚመሰክረው እሱ ነው።

4. ከአባቶችህ ተማር፣ አትገልብጥ። ደብተራ በብራና የሚያዘጋጀው ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ በክታቡ ላይ ከሚሣለው ጠልሰም የሚያፈጥጡት ዓይኖችም ሰውየውን ለመጠበቅ የተሣሉ ናቸው። ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንና ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ከዚህ ጥበብ ቀድተው የየራሳቸውን ዓለም ሠሩ፤ ዘሪሁን የቀርከሃ ስንጥቅ ጎን ለጎን ገጥሞ ሣለበት። ጠልሰምን ለጌጥ ብቻ የሚቀዳ ዓይኑን ወስዶ እይታውን ይተዋል።

5. ቀለም ሲደራረብ ታገሥ። ሠዓሊ ካንዲንስኪ በ1926 እ.ኤ.አ. በሣለው «በርካታ ክቦች» ውስጥ ክቦቹ በጥቁር መደብ ላይ ሲደራረቡ በየመገናኛቸው አዲስ ቀለም ይወለዳል። አንተም የታችኛው ሳይደርቅ የላዩን አትቀባ፤ ሁለቱም ይደፈርሳሉ።

6. ረቂቅነትን አትፍራ። ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ ረቂቅ ሥዕልን ለአገሩ ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። እዚያ ሂድና አንድ ሥዕል መርጠህ ፊቱ ቆይ።

7. «ይህ ክብ ምንድን ነው?» ሲሉህ «ዘላለም ነው» ለማለት አትቸኩል። ከየት ተነሥተህ እንዴት እንዳዞርከው ንገራቸው። በእጅ ሥራ ያልተገኘ ትርጉም በአፍ ሲነገር አይጸናም።