የኮሶ ትልና አንጀታችን

የምንበላው ምግብ ከአፍ ተነሥቶ በጨጓራ ከተፈጨ በኋላ ወደ ቀጭኑ አንጀት ይወርዳል። ይህ አንጀት በአዋቂ ሰው 6 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ የምግቡ ጥቅም ወደ ደም የሚገባው በአብዛኛው በእርሱ በኩል ነው። የኮሶ ትልም ማደሪያውን ያደረገው በዚሁ ስፍራ ነው። ትሉ የራሱ አፍም አንጀትም የለውም፤ በራሱ ላይ ባሉት አራት መጣበቂያዎች የአንጀቱን ግድግዳ ይዞ፣ የተዘጋጀውን ምግብ በቆዳው ይመጥጣል። ርዝመቱ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፤ ካልተነካም ለብዙ ዓመታት ይኖራል።

አባቶቻችን መድኃኒቱን ከደጋው ዛፍ አግኝተዋል። በ1770 እ.ኤ.አ. በአገው ምድር አልፎ ወደ ግሽ ዓባይ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ኮሶ ዛፍ በሥዕል አስደግፎ ጽፏል። የኮሶ አበባ በእርግጥ ትሉን ያስወጣል። ይሁን እንጂ መጠኑ ሲበዛ ክፉኛ ያስታውካል፣ ዓይንንም እስከ መጉዳት ይደርሳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትጠጣው አይገባም። በጤና ባለሙያ የሚታዘዘው ፕራዚኳንቴል መጠኑ የታወቀ ስለሆነ እርሱን እንመርጣለን።

ታዲያ ኮሶ በየሁለት ወሩ ይጠጣ የነበረው ለምንድን ነው? የትሉ ራስ አንጀት ውስጥ ከቀረ እንደገና ያድጋል። ራሱ ቢወጣም እንኳ፣ ጥሬ ሥጋ እንደገና የበላ ሰው አዲስ ትል በሦስት ወር ገደማ ያሳድጋል። የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ከብቱ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ በሥጋው ውስጥም እንደ ስንዴ ቅንጣት ያሉ ነጫጭ ከረጢቶች ሆኖ ይቀመጣል። ለቅርጫ በመስክ የታረደውን በሬ ደግሞ የቄራ ሐኪም አያየውም። ዐዋዜና ሚጥሚጣ፣ አረቄም ቢሆን፣ ከረጢቱን አይገድሉትም፤ የሚገድለው እስከ ውስጡ የዘለቀ እሳት ነው። ለብለብ የተደረገ ክትፎም ከጥሬው ብዙ አይለይም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን በየመንደሩ ሲያስረዱ ከመጸዳጃ ጕድጓድ ቢጀምሩ መልካም ይመስለናል። በፋሲካ ማግሥት ስለ ቁርጥ ክፉ የሚናገር ሰው ብዙ ሰሚ አያገኝም፤ ከብቶቹ የሚግጡበት ሣር እንዲጸዳ የሚመክረውን ግን ባለ ከብቱ ሁሉ ያደምጠዋል።