ለቡድን ሥራ ማን ከማን ይመደብ?

በዛሬው ጽሑፌ ላነሳ የፈለግሁት በየኮሌጁና በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ልጆቻችን፣ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ዘወትር የሚያማርሩበትን የቡድን ሥራ ነው። መምህሩ «አምስት አምስት ሆናችሁ ተደራጁ» ብሎ ይወጣል። ጓደኛ ከጓደኛው፣ የአገር ልጅ ከአገሩ ልጅ ይጣመራል። ከሌላ ክፍል የተዛወረው፣ ዝምተኛይቱ ልጅና ባለፈው ሴሚስተር ውጤት የተበላሸበት ተማሪ ግን ተራፊ ሆነው አንድ ቡድን ይባላሉ። ሥራው ሲጀመር አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ፎቶ ኮፒ ያስነሳል፣ ሦስቱ ደግሞ ስማቸው ሽፋኑ ላይ በትክክል መጻፉን ያረጋግጣሉ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በእኛ ክፍሎች ግን ሸክሙ የአንዱ፣ ጌጡ የአምስቱም ሆኗል።

ለመሆኑ ይህ የስንፍና ጉዳይ ብቻ ነውን? አይመስለኝም። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትሞ ነበር። የጎታቾቹ ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ይቀንሳል። ከፊሉ ምክንያት እኩል አለመሳባቸው ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ማንም የማይለየው ጉልበት ስለሚቆጠብ ነው። ስለዚህ አምስት ሰው አንድ ገመድ ላይ አስሮ «ተባበሩ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ማን ከማን ጋር እንደሚታሰርም ማሰብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው የጠባይ ነገር የሚመጣው። ካርል ዩንግ የተባለው የስዊዘርላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ የሰዎችን ጠባይ በዓይነት ከፋፈለ። አንዱ ሐሳቡን ወደ ውስጥ ያደርጋል፣ ሌላው ወደ ውጭ፤ አንዱ በዓይኑ ያየውን በእጁ የዳሰሰውን ያምናል፣ ሌላው ገና ያልታየውን ይገምታል፤ አንዱ በስሌት ይወስናል፣ ሌላው የሰውን ስሜት ያመዛዝናል። ካትሪን ብሪግስና ኢዛቤል ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን እናትና ልጅ ደግሞ ይህን ይዘው አራተኛ መለኪያ ጨመሩበትና 16 ዓይነት ጠባይ የሚያወጣ መጠይቅ አዘጋጁ። ሁለቱም በሥነ ልቦና ትምህርት የሠለጠኑ አልነበሩም፤ ልጅቱማ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበረች። ቢሆንም መጠይቁ ዓለምን አዳርሷል።

ዳግላስ ዋይልድ የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና መምህር ይህንኑ ሐሳብ ለተማሪዎች ቡድን ተጠቀሙበት። ተማሪዎቹን በመጠይቅ ጠይቀው፣ እያንዳንዱ ቡድን የተለያየ የአስተሳሰብ ዘዬ ያላቸው ልጆች እንዲኖሩት አድርገው መደቡ። ከዚያ በኋላ ቡድኖቻቸው በአገር አቀፍ የንድፍ ውድድር ከቀድሞው የበለጠ ሽልማት እንዳገኙ ጽፈዋል። በእንግሊዝ ደግሞ ሜረዲት ቤልቢን በሄንሊ ለሥልጠና የመጡ ሥራ አስኪያጆችን የንግድ ጨዋታ እያጫወቱ ቡድኖችን አጠኑ። በጣም ጎበዝ ጎበዞቹ ብቻ ተመርጠው የተሰባሰቡበት ቡድን አንደኛ ይወጣል ብሎ የማይጠብቅ ማን አለ? አብዛኛውን ጊዜ ግን አልወጣም። ሁሉም የሌላውን ሐሳብ ቀዳዳ ሲፈልግ ሥራው ይቀራል። ቤልቢን ይህን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ አስፍረውታል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ከዓመታት በፊት በየትምህርት ቤቱ የነበረው «አንድ ለአምስት» ነው። ጎበዙ ተማሪ መሪ ይሆንና ሌሎቹን ይጎትታል ተብሎ ነበር። የታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፈተና ውጤት። እኔ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የማስተምር ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ አንድ ሱቅ ሄደው የዕቃውን ቆጠራ፣ ደረሰኙንና ዱቤውን ሰብስበው መዝገቡን ያዘጋጃሉ። በፈተና ዘጠና ያመጣው ልጅ ባለሱቁ ፊት ቆሞ «የዱቤ ደብተርዎን ያሳዩኝ» ለማለት አፉ ይተሳሰራል። ስልሳ ያመጣው ተጫዋች ልጅ ግን ሻይ ተጋብዞ፣ ደብተሩንም ይዞ ይመጣል። ዴቢትና ክሬዲቱ በአሥር ብር አልገጥም ሲል ደግሞ ያቺን አሥር ብር ሳያገኝ የማይተኛ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ሦስቱም የሌሉበት ቡድን መዝገቡን አይዘጋም።

እንግዲያውስ ሁሉም መጠይቁን ይሙላና በ16 ዓይነት ይከፈል? በዚህ ላይ ጥርጣሬ አለኝ። መጠይቁ ሰውን ከመሐል ይቆርጠዋል። ቁመታችሁ ከ1 ሜትር ከ70 በላይ ከሆነ «ረጅም»፣ ካልሆነ «አጭር» ተባሉ እንበል። 1 ሜትር ከ69 የሆነውና 1 ሜትር ከ71 የሆነው ወንድማማች እየመሰሉ ሊለያዩ ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ያለው መሐል ላይ ነው። ስለዚህም ነው ያው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ሲሞላው ሌላ «ዓይነት» ሆኖ የሚገኘው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1991 መጠይቁ ለሥራ መስክ ምክር እንዲውል የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። የዋይልድም ውጤት ቢሆን የቀድሞውን ከኋለኛው ማነጻጸር ነውና ሌላ ምክንያት አልገባበትም ማለት አይቻልም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ስያሜው ነው። አንዲት ተማሪ አውቃለሁ። በሌላ ቦታ በተማረችበት ጊዜ ከአራት ወንዶች ጋር ተመድባ ነበር። ስብሰባው ሁልጊዜ ከመግሪብ በኋላ ካፌ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም ጁምዓ ቀን እኩለ ቀን ላይ። ቤተሰብ አምሽታ እንድትገባ አይፈቅድም፤ እሷም ብቻዋን ከእነሱ ጋር ማምሸቱን አትፈልግም። ስሌቱን ሁሉ ቤቷ ሠርታ ትልካለች። በመጨረሻ «አትሳተፍም፣ ዝምተኛ ናት» ተብሎ ነጥቧ ተቀነሰ። እኔ ዘንድ ስትመጣ ከሌላ እህትና ከሁለት ወንዶች ጋር ቀን በቤተ መጻሕፍት እንዲሠሩ መደብኳት። ከአራቱ በጣም ተናጋሪዋ እሷ ሆነች። መጠይቅ ያን ጊዜ ቢሞላላት ኖሮ «ወደ ውስጥ የምታስብ» ተብላ ተመዝግባ ትቀር አልነበረምን? ዝምታዋ የጠባይዋ ሳይሆን የሰዓቱና የቦታው ነበር። በቡድን ትምህርት ላይ የጻፉት ባርባራ ኦክሊና ባልደረቦቿም እ.ኤ.አ. በ2004 መምህራን ቁጥራቸው ያነሰ ተማሪዎችን አንድ አንድ እያደረጉ በየቡድኑ እንዳይበትኑ መክረዋል። ለልጆቻችን ይህ ከ16ቱ ዓይነት ሁሉ ይበልጥባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 አኒታ ዉሊና ባልደረቦቿ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናትም 699 ሰዎችን በትንንሽ ቡድኖች አሠርቶ ነበር። የቡድኑን ብቃት በይበልጥ ያመለከተው የአባላቱ ብልህነት ሳይሆን የሌላውን ስሜት ማንበብ መቻላቸውና ተራ በተራ እኩል መናገራቸው ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ሰው ብቻ የሚያወራበት ቡድን ደካማ ነው፤ ያ ሰው ትክክል ቢሆንም እንኳ።

እኔ የምሠራበትን መንገድ ላካፍላችሁ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ብዬ አልጠይቅም፤ ማንም ራሱን ያሳምራል። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የምጠይቀው፦ ሥራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ምን ታደርጋለህ? የማታውቀው ባለሱቅ ጋ ማን ይግባ ትላለህ? የትኛው ቀንና ሰዓት አይመችህም? ቤትህ የት ነው? ኮምፒውተር አለህ? ከዚያ አራት አራት አድርጌ ራሴ እመድባለሁ። ሰዓታቸው የማይገጥም ልጆችን ጠባያቸው የቱንም ያህል ቢሟላ አላገናኝም። ቁጥርም ከአራት አላሳልፍም፤ አምስተኛው ብዙውን ጊዜ የሽፋን ስም ነው። ድርሻውንም አላጸናም። በመጀመሪያው ወር ባለሱቁን ያነጋገረው በሁለተኛው ወር መዝገቡ ላይ ይቀመጣል፤ አሥር ብር ፈላጊዋም ወጥታ ታነጋግራለች። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ፤ ሥራውም ትንሽ ይዘገያል።

በየአራት ሳምንቱ እያንዳንዱ ተማሪ የሌሎቹን ሦስት ሥራ በወረቀት ይመዝናል፤ እኔ ብቻ አየዋለሁ። ከውጤቱ ከፊሉ የቡድኑ፣ ከፊሉ የግሉ ነው። ሦስቱም ስለ አንዱ ተመሳሳይ ነገር ከጻፉ ጠርቼ ምክንያቱን እጠይቀዋለሁ፤ ታሞ ወይም ሥራ እየሠራ የሚማር ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለና። ምክንያት ከሌለው አስጠነቅቀዋለሁ፤ ከተደገመ ስሙ ከሽፋኑ ይወጣና መዝገቡን ብቻውን ይሠራል። እስካሁን ይህ የደረሰባቸው ሁለት ልጆች ናቸው። አንዱ ትምህርቱን ትቶ ሄደ፤ ሌላው ግን ብቻውን ሠርቶ አመጣው፤ መዝገቡም ገጥሞ ነበር።