ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች፦ ተጨማሪው ዋጋ በስንት ኪሎ ሜትር ይመለሳል?

በመኪና ገበያ «ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ ለግዢ በቂ ምክንያት ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ ተጨማሪው ዋጋ የሚከፈለው መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ሲሆን ቁጠባው የሚሰበሰበው ግን በመንገድ ላይ፣ ጥቂት በጥቂት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ገዢው በዓመት የሚነዳው ርቀት ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሰቃና ከሊሙ ገነት ነዋሪ አንጻር ይመረምራል፤ በእነዚህ ከተሞች የመንገዱም የገንዘቡም ጠባይ ከአዲስ አበባው ይለያልና።

ቶዮታ ፕሪየስ እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን ለገበያ ከቀረበች ወዲህ በሌሎች አገሮች ንጽጽሩ ቀላል ነው፦ የአንድ ሞዴል የቤንዚንና የሃይብሪድ ዓይነቶች ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ ልዩነቱም ከዋጋ ዝርዝሩ ይነበባል። በኢትዮጵያ ልዩነቱን በዋናነት የሚወስነው ፖሊሲ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመኪናን ታክስ ከሞተሩ ይዘትና ከተሽከርካሪው ዕድሜ ጋር በማያያዝ ለአሮጌዎቹ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ፣ ተበታትነው ለሚመጡት ዜሮ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጠ። ከስድስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሮጌ የቤንዚን መኪና የሚሸጠው በእጥረት ዋጋ ነው፤ ለአንድ መኪና «ተጨማሪ ዋጋ» የሚባለውም በየወሩ ይለዋወጣል።

በዚህ ምክንያት አንድ ቁርጥ ያለ የዋጋ ልዩነት ይዞ መከራከር ብዙም አይጠቅምም። የሚሻለው ለእያንዳንዱ 100,000 ብር ተጨማሪ ዋጋ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር መንዳት እንደሚያስፈልግ ማስላት ነው። ለስሌቱ የሚከተሉት ግምቶች ተወስደዋል። አነስተኛ የቤንዚን መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር፣ ተመጣጣኝ ሃይብሪድ 5 ሊትር፣ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በመሙላት ጊዜ የሚባክነው ተጨምሮ 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የቤንዚን ዋጋ በሊትር 120 ብር፣ የኤሌክትሪክ ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 8 ብር ነው። ገንዘቡ በ18 በመቶ ወለድ በ8 ዓመት ይመለሳል፤ 8 ዓመት የተመረጠው አምራቾች ለባትሪ በብዛት የሚሰጡት ዋስትና እስከዚያ ስለሚደርስ ነው።

በእነዚህ ግምቶች ሃይብሪዱ በ100 ኪሎ ሜትር 240 ብር፣ የኤሌክትሪኩ 704 ብር ይቆጥባል። 100,000 ብርን በተባለው ወለድና ጊዜ ለመመለስ በዓመት 24,524 ብር ያስፈልጋል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ 100,000 ብር ተጨማሪ ዋጋ የሃይብሪድ ባለቤት በዓመት ወደ 10,200 ኪሎ ሜትር፣ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር መንዳት አለበት። ቤንዚን 150 ብር ቢገባ አኃዞቹ ወደ 8,200 እና ወደ 2,700 ይወርዳሉ። የነዳጅ መወደድ ሃይብሪድን ይረዳዋል፤ ግን ከኤሌክትሪኩ ጋር ያለውን ርቀት አያጠብለትም።

ልዩነቱ 600,000 ብር የሆነበትን ገዢ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ በዓመት 21,000 ኪሎ ሜትር፣ ሃይብሪድ ከገዛ ከ61,000 በላይ ይጠበቅበታል። በጅማ ከተማ ውስጥ በቀን 15 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ዓመቱን ሙሉ 5,500 ገደማ ብቻ ይሞላል። ወደ 45 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው አጋሮ ጅማ እየተመላለሰ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ግን 27,000 ይደርሳል፤ ለእርሱ የኤሌክትሪክ መኪና ያዋጣል፣ ሃይብሪዱ ግን ከግማሹም አይደርስም።

የመንገዱ ጠባይም ለሃይብሪድ አያደላም። ሃይብሪድ ብልጫውን የሚያሳየው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በሚቆም በሚነሣ ረጅም የከተማ ጉዞ ነው። ከፈረንጅ አራዳ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ ዓይነት አጭር ጉዞ ግን ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ያልቃል። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ደግሞ የጊቤ ሸለቆ አለ። ከወልቂጤ ወገን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት 800 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ የጎማና የነፋስ ግጭት ከበላው በኋላም ወደ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይተርፋል። የቀድሞዎቹ ፕሪየሶች ባትሪ መጠን በጠቅላላው 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ዕድሜው እንዳያጥር ሲባልም ሥርዓቱ ከዚያ ከፊሉን ብቻ ያሠራል። ስለዚህ ባትሪው ገና ከቁልቁለቱ አጋማሽ ሳይደረስ ይሞላል፤ የቀረው ጉልበት በሞተርና በፍሬን ይባክናል። ማዶውን ወደ አበልቲ ሲወጣ ደግሞ ሸክሙ በአብዛኛው በቤንዚን ሞተሩ ላይ ይወድቃል። 40 ወይም 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ያንኑ ጉልበት ያለ ችግር ይቀበላል።

ከአስፋልቱ ሲወጣ ጉዳዩ ይከፋል። የቡና ማሳና የእሸት ቡና መፈልፈያ የሚገኙት ብዙውን ጊዜ በጠጠርና በጭቃ መንገድ ጫፍ ሲሆን ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ አገር ናት። በበጋ ደግሞ አቧራ አለ። በብዙ ሃይብሪዶች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለ ቀዳዳ ይገባል፤ ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። አሮጌ ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው ከሞተሩ ድምፅ በፊት ያንን ማጣሪያ ማየት ይኖርበታል።

ከላይ የተወሰደው 18 በመቶ ወለድ በቡና ከተሞች ገንዘብ የሚያወጣውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። የአካባቢው ነጋዴ ገንዘብ የሚፈልገው በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ እሸትና ጀንፈል ቡና በሚሰበሰብበት ወቅት ነው። በእነዚህ ወራት እጅ ላይ ያለ ብር ደጋግሞ ይሽከረከራል፤ ቡናው ተገዝቶ፣ ተዘጋጅቶ፣ ተሸጦ እንደገና ቡና ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ በኋላ (ጣሪያው ቆይቶ ከፍ ቢልም) የሥራ ማስኬጃ ብድር እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አልሆነም። 600,000 ብር በመኪና ላይ ያሰረ አቅራቢ ያንኑ ገንዘብ በኅዳር ከገበያ አውጥቷል ማለት ነው። ደመወዝተኛው ሐኪም ወይም መምህር ይህ ኪሣራ የለበትም። በመሆኑም አንዱ መኪና፣ በአንዱ ዋጋ፣ በአንዱ ከተማ ለመምህሩ አዋጪ፣ ለቡና ነጋዴው አክሳሪ ሊሆን ይችላል። የነዳጅ ፍጆታን ብቻ የሚያነጻጽር ጥናት ይህን ሊያይ አይችልም።

በሌላ ወገን ስሌቱ ለቤንዚን ያደላበት ነጥብም አለ። የ120 ብሩ ግምት ነዳጅ በማደያ ሁልጊዜ እንደሚገኝ አድርጎ ያስባል። ሰልፍ ላይ የሚያልፍ ግማሽ ቀን ወይም በጀሪካን የሚገዛ ውድ ቤንዚን ሲታከልበት ቁጠባው ይጨምራል። ኤሌክትሪክም ግን የራሱ መቆራረጥ አለው። 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ አንደኛው ግድብ ከጅማ ብዙ አይርቅም፤ የግድብ ጎረቤት መሆን ግን የማከፋፈያ መስመርን አያጠናክርም። ከተራ የቤት ሶኬት በ10 አምፔር ሌሊቱን ስምንት ሰዓት የሚሞላ መኪና 17.6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ኃይል ያገኛል። የአጋሮው ተመላላሽ 90 ይፈልጋል። መብራት አራት ሰዓት ከጠፋ የሚያገኘው ግማሹን ብቻ ስለሆነ ባትሪውን ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ መያዝ ግድ ይለዋል።

የዋጋው ልዩነት ወደ 300,000 ብር ቢወርድ በኤሌክትሪክ መኪና የሚጠበቀው ርቀት ወደ 10,500 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በከተማ 5,500፣ በወር አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ በመመለስ 8,400፣ በድምሩ 13,900 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የጅማ ነዋሪ በወረቀት ላይ ይህን መስፈርት ያልፋል። ነገር ግን በአንድ ሙሌት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የጊቤን ዳገት ወጥቶ አዲስ አበባ አይደርስም፤ ወልቂጤ ወይም ወሊሶ ላይ በፍጥነት የሚሞላበት አስተማማኝ ጣቢያ ካላገኘ 8,400ው ኪሎ ሜትር በሌላ መኪና ወይም በአውቶቡስ ይሸፈናል፤ ለስሌቱ የሚቀረውም 5,500ው ብቻ ነው። ጣቢያው ሳይጠብቅ መንገዱን የሚጨርሰው ሃይብሪድ ነው፤ ሆኖም ለዚያው 300,000 ብር በዓመት ከ30,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠይቃል።