ቴአትር ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሚሰጠው ጥቅም

ብዙ ሰው ቴአትርን የሚያውቀው በበዓል ቀን ተመልካችን የሚያስቅና የሚመክር ጨዋታ አድርጎ ነው። ነገር ግን ቴአትር ለሚጫወተው ሰው ራሱ ትምህርት ቤት ሊሆነው ይችላል። ይህም ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ዘንድ እንዴት እንደሚታይ በአጭሩ እንመልከት።

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚገለጥ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ከሰው ጋር መነጋገርና የሌላውን ስሜት ከፊቱ መረዳት ያስቸግረዋል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይናገርም። አንዱን ነገር ደጋግሞ መሥራት ይወዳል፤ ጩኸትና የልማድ መለወጥ ያስጨንቀዋል። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ልጆችን ጠባይ መርምሮ ስለዚህ ጉዳይ ጻፈ። ኦቲዝም ተላላፊ አይደለም፤ እርግማንም፥ የእናት ጥፋትም አይደለም።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ራሳቸውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩና፥ ልጆቻቸውን ከሰው ዓይን የሸሸጉ ወላጆች ወደ አደባባይ እንዲያወጧቸው ሲያስተምሩ ኖረው በ2021 ዐረፉ። በቤት የተሸሸገ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያጣው ጨዋታን ነው፤ ጨዋታን ያጣ ደግሞ ከሰው ጋር መኖርን የሚማርበትን መንገድ ያጣል።

ቴአትር የሚረዳው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ በቴአትር ማን መቼ ምን እንደሚናገር አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ልጁን ድንገተኛ ነገር አያስደነግጠውም። ሁለተኛ፥ ቁጣንና ደስታን በፊትና በድምፅ እየለየ ይለማመዳል። ሦስተኛ፥ ተራ መጠበቅን ይማራል።

እንግሊዛዊቱ ተዋናይ ኬሊ ሀንተር የሼክስፒርን ድርሰቶች ለዚህ ሥራ አውላለች። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ደረታቸውን በልብ ትርታ ልክ እየመቱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ መምህር ብላይዝ ኮርቤትም ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 14 ዓመት በሆኑ 30 ልጆች ላይ ያደረገችውን ጥናት በ2016 አሳተመች። በ10 ጊዜ ልምምድ ከእኩዮቻቸው ጋር የተጫወቱት ልጆች ፊትን በማስታወስና ከሌሎች ጋር አብሮ በመጫወት መሻሻል አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ቴአትር ኦቲዝምን አያጠፋም፤ ልጁ ከሰው ጋር የሚገናኝበትን በር ይከፍትለታል እንጂ።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በወግዲ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት እንቆቅልሽ እንኳ ትንሽ ቴአትር ነው፤ አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋም አገር ይሰጣል። ጥያቄውም፥ ተራውም፥ ሥርዓቱም የማይለወጥ በመሆኑ ለእንዲህ ያለው ልጅ ይመቻል።

እንግዲህ የድራማ ክበብ አባላት ሆይ፥ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ የልምምዱን ቅደም ተከተል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጉት፤ መናገር ባይችል ከበሮ መምታት ወይም መጋረጃ መግለጥ ይሁን ድርሻው፤ ካልፈቀደ አትንኩት፥ ዓይኔን ተመልከት ብላችሁም አታስገድዱት። ወላጆችም ልጃችሁን ለመላክ አትፈሩ። መምህራን ደግሞ የሚስቅበትን ተማሪ በጊዜው ምከሩ፤ አንድ የፌዝ ሳቅ የብዙ ቀን ልምምድን ያፈርሳልና።