የፖላሪሱን ቤት እንሽጠው ወይስ እናቆየው?

ጥያቄ፦ ኮሎምበስ፣ ፖላሪስ አካባቢ ሦስት ዓመት የኖርንበትን ታውንሃውስ አከራይተን ከወጣን ሁለት ዓመት አለፈን። አሁን የባለቤቴ የሥራ ሰዓት ተቀንሶ ሞርጌጁ ከብዶናል። እንሽጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ። ከሽያጩ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ቢያንስ 2ቱን በቤቱ ከኖራችሁ፣ ግብር በጋራ ለምታሳውቁ ባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ትርፍ ከፌዴራል ግብር ነፃ ነው። ከወጣችሁ 3 ዓመት ካለፈ ይህ ዕድል ያመልጣችኋል። በኪራዩ ዘመን በቤቱ እርጅና ስም ግብር ከሚከፈልበት ገቢያችሁ የተቀነሰላችሁ ገንዘብ ግን እስከ 25 በመቶ ግብር ይጠብቀዋል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ከሸጠ በኋላ ነው።

ከዚያ ከዓመቱ ኪራይ ላይ ሞርጌጁን፣ ኢንሹራንሱን፣ የማኅበር መዋጮውንና የንብረት ግብሩን ቀንሱ። ቤቱ ባዶ የሚውልበትን አንድ ወርም አትርሱ። ጉድለቱ ትንሽ ሆኖ ብድሩ በ2021 የተገኘ የ3 በመቶ ወለድ ከሆነ፣ እኔ ብሆን አልሸጥም። ቀዳዳውን በክሬዲት ካርድ ወይም በዕቁብ ዕጣ እየደፈናችሁ ከሆነ ግን ሽጡት፤ ተከራዩ ውል ካለው፣ ውሉ የሚያልቅበትን ወር አይታችሁ። ክፍያ ከማሳለፋችሁ በፊት ባንኩን አነጋግሩ፤ የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ዕውቅና የሰጣቸው አማካሪዎችም ቤቱ በዕዳ እንዳይወሰድ በነፃ ያግዛሉ።